ሲኤችሩት ምንድን ነው?

አራት ኪሎ ያለ አንድ ልጅ የሐበሻን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ እንበል። ስሌቱን ራሱ አልደከመበትም። አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) የኛን ካሌንደር ስለሚያውቅ ሥራውን ለሱ ተወለት። ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የሚጫን ፓኬጅ አድርጎ አዘጋጀውና ሶርስ ኮዱን ፒያሳ ላለች ባልደረባው ላከላት። እሷ ጋ ገና ኮምፓይል ማድረግ ሲጀምር ቀጥ አለ። «ካሌንደር ዶት ኤች የሚባል ፋይል የለም» ይላል።

ልጁ ላፕቶፕ ላይ ግን ይህ የአይሲዩ ፋይል አለ። ድሮ ለሌላ ሥራ የጫነው ነው። ፓኬጁ ሲሠራ የሚያስፈልጉት ነገሮች በሚጻፉበት፣ ቢውልድ-ዲፔንድስ በሚባለው መስመር ላይ ግን አላሰፈረውም። ኮምፒውተሩም ምንም አላለውም። ከርሞ የተሠራበት ማሽን እንዲህ ነው፤ የረሳኸውን ነገር ሁሉ ይሸፍንልሃል።

ሲኤችሩት ይህን ሽፋን ይገፍፈዋል። አንድ ፎልደር ውስጥ ሌላ ትንሽዬ ሊኑክስ ትዘረጋለህ። ከዚያ ፕሮግራሙን «ዓለም ማለት ይቺ ፎልደር ናት፣ ከሷ በላይ ምንም የለም» ትለዋለህ፤ እሱም ያምንሃል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ከወጣው ቨርዥን 7 ዩኒክስ ጀምሮ አለ።

ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ያችን ትንሽ ሊኑክስ የሚዘረጋው ዲቡትስትራፕ ነው። በእጅ መሥራት ይቻላል፣ ግን ምን አደከመህ? ፒቢውልደር አለልህ። አንዴ የተዘረጋውን ሲስተም ጠቅልሎ በአንድ ፋይል ያስቀምጠዋል። ፓኬጅ ስትሰጠው ያንን ይፈታዋል፣ ቢውልድ-ዲፔንድስ ላይ የጻፍከውን ብቻ ይጭናል፣ ፓኬጁን ይሠራል፣ ከዚያ ሁሉንም ጠራርጎ ያጠፋዋል። በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ከዜሮ ነው። የዴቢያን የራሱ ማሽኖች ኤስቢውልድ በሚባለው ይሠራሉ፤ የፌዶራ (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) ሰዎች ደግሞ ሞክ አላቸው። ሐሳቡ አንድ ነው። አካባቢው ሆን ተብሎ የደኸየ ስለሆነ ያልጻፍከው ነገር ወዲያው ይጋለጣል።

ሌላም ጥቅም አለው። ላፕቶፕህ ኡቡንቱ 24.04፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ደግሞ 22.04 ነው እንበል። ጂሊብሲ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት የሲስተሙ መሠረታዊ ላይብረሪ ነው፤ የመጀመሪያው 2.39 ሲይዝ ሁለተኛው 2.35 ላይ ነው። ላፕቶፑ ላይ የሠራኸውን ወስደህ ሰርቨሩ ላይ ብትጭነው «ጂሊብሲ 2.38 አልተገኘም» ብሎ ሊያኮርፍ ይችላል። መፍትሔው ላፕቶፑን ፎርማት ማድረግ አይደለም። የ22.04 ሲኤችሩት ዘርግተህ እዚያ ውስጥ ሥራው። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ብቻ የላፕቶፕህ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይሰመርበት። ብዙ ሰው ሲኤችሩትን የጥበቃ አጥር ያደርገዋል። አይደለም! የሚለየው ፋይሉን ብቻ ነው። ኔትወርኩም ሆነ እየሠሩ ያሉት ሌሎች ፕሮግራሞች የጋራ ናቸው፤ ውስጥ ሆኖ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) የሆነ ሰው ደግሞ ሾልኮ መውጣት ይችላል። ስለዚህ የማታምነውን ኮድ «ሲኤችሩት ውስጥ ነው እኮ» ብለህ አታስነሳ። ፒቢውልደር በላዩ ላይ ሌላ ነገር ይጨምራል፤ ካልፈቀድክለት በቀር ሲገነባ ኢንተርኔቱን ይዘጋዋል። መሃል ላይ በፒፕ (የፓይተን ማውረጃ) የሆነ ነገር አውርዶ የሚጨርስ ፓኬጅ እዚህ ጋ ይያዛል። እኔ በበኩሌ ከሁሉም የምወድለት ይህን ነው።

ለኛ አገር የሚከብደው ዳታው ነው። እያንዳንዱ ማሽን እነዚያኑ ፓኬጆች ለየብቻው ሲያወርድ ካርዱ ያልቃል፣ ኔቱ ሲቆራረጥ ደግሞ ግንባታው መሃል ላይ ይበላሻል። አፕት-ካቸር-ኤንጂ የሚባለውን ፕሮግራም አንድ ቦታ ጫን። አንዴ የወረደውን ያስቀምጥና ለሚቀጥለው ጠያቂ ከዚያው ይሰጣል። ፒቢውልደርን ወደዚያ ማሽን ፖርት 3142 ማመልከት ነው። ቢሮ ጥግ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ካለ ለዚህ ይበቃል፤ ዲስኩ ሰፋ ይበል እንጂ።