ወላጅ የሚሳተፍባቸው ቻርተር ትምህርት ቤቶች፦ የሚወራውና እውነታው

አሜሪካ ልጅ የሚያሳድጉ ሐበሾች ስለ ቻርተር ትምህርት ቤት ብዙ የተምታታ ነገር ይሰማሉ፤ በተለይ ወላጅ ክፍል ድረስ ገብቶ ስለሚያግዝበት ዓይነት። በወሬው ፈርተው ሳያመለክቱ የሚቀሩ ስላሉ፣ ዋና ዋናዎቹን እንያቸው።

«የግል ነው፣ ያስከፍላል።»
አያስከፍልም። ቻርተር የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ በጀቱም ከግብር ነው የሚመጣው። አመልካች ከቦታው ከበለጠ ዕጣ ይወጣል። የሚለየው በፈቃድ ውል መተዳደሩ ነው፤ ቃል የገባውን ካልፈጸመ ፈቃዱ ላይታደስለት ይችላል።

«ትናንት የመጣ ሙከራ ነው።»
የመጀመሪያውን ሕግ ሚኒሶታ ያወጣችው በ1991 (እ.ኤ.አ.) ነው። በዓመቱ እዚያው ሴንት ፖል ከተማ ላይ የመጀመሪያው ቻርተር ትምህርት ቤት፣ ሲቲ አካዳሚ፣ ተከፈተ፤ ካሊፎርኒያም በዚያው በ1992 ሕጓን አጸደቀች። የወላጅ ተሳትፎውማ ከዚህም ይቀድማል፦ በ1916 ቺካጎ ውስጥ እናቶች ተራ እየገቡ የሚያግዙበት መዋዕለ ሕፃናት ከፍተው ነበር።

«ሰዓቴን ካልሠራሁ ልጄን ያባርሩብኛል።»
ሁለት ሥራ የሚሠራን ሰው የሚያስፈራው ይሄ ነው። ፍርሃቱም ከሜዳ አልመጣም፤ ወላጅን በዓመት ይህን ያህል ሰዓት ካላገለገልክ የሚሉ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ዛሬ ግን የካሊፎርኒያ ሕግ ግልጽ ነው፦ ትምህርት ቤቱ ወላጅን ማበረታታት ይችላል፣ ነገር ግን ተሳትፎው ለመግባትም ሆነ ለመቆየት ግዴታ እንዳልሆነ ለወላጆች የማሳወቅ ኃላፊነት አለበት። ሌላ ግዛት ከሆናችሁ ደንቡን በጽሑፍ ጠይቁ።

«እንግሊዝኛዬ አይረባም፣ እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ?»
ብዙዎቻችን ያደግነው «ወላጅ አምጣ» ሲባል ጥፋት መኖሩን እያወቅን ነው፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲጠራን አሁንም ልባችን ይደነግጣል። እዚህ ግን የሚጠሩን ለእርዳታ ነው። አትክልት ከልጆች ጋር መትከል፣ ጉዞ ላይ አብሮ መሄድ፣ ቅዳሜ ወንበር መጠገን፣ ቡና እንዴት እንደሚፈላ ማሳየት ሁሉ ተሳትፎ ነው። ለስብሰባ አስተርጓሚ መጠየቅም መብታችሁ ነው፤ የፌዴራል ሕግ ትምህርት ቤቶች ወላጅን በሚገባው ቋንቋ እንዲያነጋግሩ ያስገድዳል።

«ልጆቹ ሲጫወቱ ነው የሚውሉት።»
ልጅ እየሠራ ይማራል የሚለው ሐሳብ ከአሜሪካዊው ፈላስፋ ከጆን ዱዊ ጋር የተያያዘ ነው፤ በ1896 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሙከራ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። መደብ ለክቶ ዘር የሚዘራ ልጅ ስፋትና ክፍልፋይ እየተማረ ነው። የግዛቱን ፈተናም እንደ ማንኛውም የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ይፈተናል። እርግጥ ሁሉም ትምህርት ቤት እኩል ጎበዝ አይደለም። ከማመልከታችሁ በፊት የፈተና ውጤቱን እዩ፣ አንድ ቀን ክፍል ገብታችሁ ተመልከቱ፣ ንባብ የከበደውን ልጅ እንዴት እንደሚረዱትም መምህሯን ጠይቁ።