የገጣሚና የሠዓሊ የጋራ ሥራ ምንድን ነው?

የግጥም መድበል ሽፋን ላይ ሥዕል ስናይ «ገጣሚውና ሠዓሊው አብረው ሠሩት» እንላለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ግጥሙ ተጽፎ አልቋል። ሠዓሊው አንብቦ ሣለለት። ሥዕሉ ቢነሳ ግጥሙ ምንም አይጎድልበትም። ይህ ማስዋብ ነው፤ ደስ ይላል፣ ክፋትም የለውም። የጋራ ሥራ ግን ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ተገናኝተው፣ አንዱ ሲነሳ ሌላውም የሚፈርስበት ነው።

አንድ ሰው ሁለቱንም ቢሆንስ? የእኛው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ገጣሚም ሠዓሊም ነበር። እሱን በጣም እወደዋለሁ። ነገር ግን የጋራ ሥራ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ያላሰባችሁትን መስመር ድንገት የሚያሰምርባችሁ ሰው።

ገጣሚው ፍራንክ ኦሃራና ሠዓሊው ላሪ ሪቨርስ እንዲህ ዓይነት ጓደኛሞች ነበሩ። በ1957 እ.ኤ.አ. ታቲያና ግሮስማን የተባለች የኒውዮርክ አሳታሚ በድንጋይ ኅትመት አብረው እንዲሠሩ ጋበዘቻቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይሣላል። ድንጋዩ በውኃ ይርሳል። ቀለም ሲቀባ ቅባቱ ይይዘዋል፣ እርጥቡ ቦታ አይቀበለውም። ከዚያ ወረቀት ተጭኖ ይታተማል።

ችግሩ ሁሉም ነገር ተገልብጦ መውጣቱ ነው። ስለዚህ ኦሃራ ቃላቱን ወደኋላ፣ በመስታወት እንደሚታይ ፊደል አድርጎ መጻፍ ነበረበት። እስቲ ስማችሁን እንደዚያ ሞክሩት! በፍጥነት በመጻፍ የሚታወቅ ገጣሚ እዚህ ፊደል በፊደል መሄድ ግድ ሆነበት። መሰረዝም ቀላል አይደለም። ሪቨርስ አጠገቡ ይሥላል፤ ቃሉ በሥዕሉ መሀል ቦታ ፈልጎ ይገባል። ገጹን ሳየው የማን እጅ የት እንዳቆመ ይጠፋብኛል። «ድንጋዮች» የተባለው ይህ ሥራ ከርዕስ ገጹ ሌላ 12 ኅትመቶች አሉት።

ነገሩ ከዚያም ይቀድማል። በ1913 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ብሌዝ ሳንድራር በባቡር ሩሲያን ስለሚያቋርጥ ወጣት የጻፈውን ረጅም ግጥም ከሠዓሊዋ ሶንያ ዴሎኔ ጋር አሳተመ። ሲዘረጋ ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። በቀኝ ግጥሙ፣ በግራ ቀለሙ ጎን ለጎን ይወርዳሉ። 150 ቅጂዎች አስበው ነበር፤ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ የኤፍል ታወርን ቁመት እንዲያህሉ። ግጥሙ የሚያልቀው ፓሪስ፣ ማማው ዘንድ ነው። ከሥዕሉም ግርጌ ትንሽ ቀይ ማማ ቆማለች።