የቀላል ባቡሩ የጋራ ጣቢያዎች፦ ከስታዲየም እስከ ልደታ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች አሉት። አረንጓዴው ከአያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ነው። ሰማያዊው ደግሞ ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ የሚወርደው የሰሜን–ደቡብ መስመር ነው። በብዙ ከተሞች ሁለት የባቡር መስመሮች የሚገናኙት አንዱ ሌላውን በሚያቋርጥበት ቦታ ስለሆነ ተሳፋሪው ባቡር የሚቀይረው እዚያው በተሠራ አንድ ጣቢያ ነው። የእኛዎቹ ግን ተቋርጠው አይለያዩም። መሀል ከተማ ሲደርሱ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ሐዲድ አብረው ይሄዳሉ። በዚህ የጋራ መንገድ ላይ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ እና ልደታ የተባሉ አምስት ጣቢያዎች አሉ። አምስቱም መቀየሪያ ሆነው ያገለግላሉ።

ስለ ባቡሩ የሚጻፉ ቁጥሮች የማይስማሙት በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው። የምሥራቅ–ምዕራቡ መስመር 17.4፣ የሰሜን–ደቡቡ 16.9 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሁለቱ ሲደመሩ 34.3 ይሆናል። የጋራው ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ከተቆጠረ ግን 31.6 ነው። እያንዳንዱ መስመር 22 ጣቢያ ስላለው 44 የሚሉ አሉ። ትክክለኛው ቁጥር 39 ነው።

ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። ሥራ ተቋራጩ የቻይናው የባቡር ምህንድስና ድርጅት ሲሆን፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ከተባለው ወጪ 85 በመቶውን የሸፈነው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። በሰሜን በኩል ዋሻ መቆፈር ስለነበረበት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሣ። ያኔ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ሐውልቱ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው በክብር ተመልሷል። ሰማያዊው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ አረንጓዴው ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያው ታሪፍ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ቀዳሚው ዘመናዊ የከተማ ቀላል ባቡር እንደሆነ ይነገርለታል። የደቡብ አፍሪካው ጋውትሬን በ2002 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩን የሚያነሡ አሉ፤ እሱ ግን ፈጣን ባቡር ስለሆነ ዓይነቱ ይለያል። ማሽከርከሩንና ጥገናውን በመጀመሪያዎቹ 41 ወራት የመሩት ቻይናውያን ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ሥራውን ኢትዮጵያውያን ተረክበዋል።

ባቡር መቀየር እንደ መንገዱ ይለያያል። ከአያት ተነሥቶ ፒያሳ የሚሄድ ሰው በአቅጣጫው ሳይለወጥ ስለሚጓዝ ከአምስቱ በፈለገው ጣቢያ ወርዶ እዚያው ቆሞ ሰማያዊውን ይጠብቃል። ከቃሊቲ ጦር ኃይሎች የሚሄድም እንዲሁ ነው። ከቃሊቲ አያት የሚሄደው ግን ስታዲየም ላይ ወርዶ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ባቡር መያዝ አለበት። ከጦር ኃይሎች ፒያሳ የሚሄደውም ልደታ ላይ እንደዚያው ያደርጋል። ለማያውቅ እንግዳ ይህ ያደናግራል። ስታዲየም ላይ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ባቡር ስለመጣ ብቻ ዘሎ የገባ ሰው አያት እሄዳለሁ ብሎ ሳሪስ ሊደርስ ይችላል። ቀለሙን ማየት ይበጃል።

ሐዲድ መጋራቱ መሀል ከተማ ላይ ሁለት ድልድይ ከመሥራት አድኗል፤ መቀየሪያውንም በአንድ ጣቢያ ከመጨናነቅ ጠብቆታል። ሁለቱም መስመሮች በየ10 ደቂቃው ቢመጡ ሜክሲኮ ላይ በየ5 ደቂቃው ባቡር ይኖራል ማለት ነው። ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። በጋራው ክፍል አንድ ባቡር ከቆመ ሁለቱም መስመሮች ይታወካሉ። በአንደኛው መስመር ባቡር ለመጨመር ሲታሰብም የሌላውን ተራ ማየት ግድ ይላል። ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ከወጡ ወዲህ ደግሞ የተሳፋሪው ችግር መጨናነቁ ሳይሆን መጠበቁ ሆኗል።

መቀየሪያ ጣቢያ ኋላ ላይ መጨመር ምን ያህል እንደሚከብድ ሞስኮን ማየት ይበቃል። በ1938 እ.ኤ.አ. በተከፈተ መስመር ላይ፣ ሁለት ነባር ጣቢያዎች መካከል፣ ዛሬ ትቬርስካያ የሚባለውን ጣቢያ የጨመሩት በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ያውም ባቡሮቹ ሳይቆሙ፣ ከመሬት በታች።

በአዲስ አበባ እስካሁን ያልተሠራው መቀየሪያ ከረጅም ርቀቱ ባቡር ጋር የሚያገናኘው ነው። ለገሃር ስሙን ያገኘው ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን፣ የጅቡቲው ባቡር የአዲስ አበባ መድረሻ ነበር፤ ሕንፃው የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። የቀላል ባቡሩ ጣቢያም እዚያው አጠገብ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ግን መሀል ከተማ አይገባም። ጣቢያው በደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ፉሪ ለቡ ነው። ሁለቱም ባቡሮች የሐዲድ ስፋታቸው 1,435 ሚሊ ሜትር፣ እኩል ነው። ቢሆንም ለድሬዳዋ ጉዞ ሻንጣውን ይዞ ለገሃር የወረደ ሰው ለቡ ለመድረስ ታክሲ መፈለግ አለበት።