ደህና የሚመስለው ሰው ውስጥ ኤችአይቪ ምን ይሠራል?

ኤአርቲ ክሊኒክ (የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት) ለልምምድ የምትወጡ የነርሲንግ ተማሪዎች፣ ከታካሚም ከጓደኛም የተሳሳተ ነገር መስማታችሁ አይቀርም።

«ምልክት እስኪመጣ ቫይረሱ ተኝቶ ይቆያል።» ሥር የሰደደው ይሄ ነው። እርግጥ ሰው ያለ መድኃኒት በአማካይ ከ8 እስከ 10 ዓመት ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል። ውስጡ ግን ሰላም የለም። ቫይረሱ ሲዲ4 የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ገብቶ በየቀኑ በቢሊዮን ይራባል። ትልቁ ጉዳት የሚጀምረው ደግሞ አንጀት ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እዚያ ያሉት ሲዲ4 ሴሎች በብዛት ያልቃሉ። የአንጀት ግድግዳ ይጎዳል፤ የባክቴሪያ ቁርጥራጭ ወደ ደም ያልፋል። የመከላከል ሥርዓቱም ሌት ተቀን እንደተቆጣ ይኖራል። ይህ መቆጣት ቫይረሱ ያልያዛቸውን ሴሎች ሳይቀር ይጨርሳል። ሰውነት የሞቱትን ለመተካት ይታገላል፤ ውሎ አድሮ ግን አይችልም።

«ኤችአይቪ እና ኤድስ አንድ ናቸው።» አይደሉም። የጤነኛ አዋቂ ሲዲ4 በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ500 እስከ 1500 ገደማ ነው። ኤድስ የሚባለው ከ200 ሲወርድ ወይም ከባድ ተጓዳኝ በሽታ ሲመጣ ነው።

«ሲዲ4ቱ ጥሩ ነው፣ ለቲቢ አያሰጋም።» ይሄኛው አባባል ሰው ይገድላል። በፈንገስ የሚመጣው ክሪፕቶኮካል ማጅራት ገትር የሚበዛው ሲዲ4 ከ100 ሲያንስ ነው። ቲቢ ግን ቁጥር አይጠብቅም። ስለ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ በየቀጠሮው ጠይቁ። ወጣት ሰው አልማዝ ባለጭራ ይዞት ከመጣም የኤችአይቪ ምርመራ እንዳይዘለል።

«መድኃኒቱን ጀምሮ ነው የባሰበት።» አንዳንዴ እውነትም ይብሳል፤ ምክንያቱ ግን የሚገርም ነው። ያገገመው የመከላከል አቅም ተደብቆ የኖረውን ቲቢ አሁን አይቶ ይነሳበታል። አይሪስ ይባላል። ታካሚው በራሱ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ንገሩት፤ ሐኪም ይየው።

«ቫይራል ሎዱ (ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) አይታይም፣ ድኗል ማለት ነው።» አልዳነም። ቫይረሱ ዕድሜያቸው ረጅም በሆኑ ሴሎች ዘረመል ውስጥ ተሸሽጓል። መድኃኒት ሲቋረጥ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ሆኖም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይራል ሎዱ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ይህን ለታካሚው ሳይነግሩ የሚያልፉ ባለሙያዎች አሁንም አሉ።