የአያቴ ባና እና ስለ ብል የምንሰማው ወሬ

ለፋሲካ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሄጄ የአያቴን ባና፣ ያን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ከሳጥን አወጣነው። የመንዝ በግ ፀጉር ነው፣ አያቴ የፈተለችው። ጥቁረቱ የበጉ ነው እንጂ ቀለም አልነካውም። በር ላይ ወደ ብርሃን ስናነሳው እጥፉን ተከትሎ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል። እማዬ «ማንም እንዳይነካው ብዬ ነበርኮ» አለች።

ከዚያ ወዲህ የሚመክረኝ በዛ። አብዛኛው ግን ስህተት ነው።

«ደጋ ስለሆነ ብል የለም።»
የኅዳር ውርጭ ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ ቤቱን ምድጃ ያሞቀዋል። መጠነኛ ብርድ ብልን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። በብርድ መግደል ከተፈለገ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ለ2 ሳምንት ያህል ማቆየት ነው። ዲፕ ፍሪዝ ያለው ዘመድ ካላችሁ ባናውን በላስቲክ አሽጋችሁ አስገቡት። ሲወጣም ቅዝቃዜው እስኪለቀው አትክፈቱት፣ ላብ ይይዘዋል።

«ሳጥን ከተቆለፈ ድኗል።»
እኛን የጎዳን ይሄ ነው። ብል የሚወደው ጨለማና ማንም የማይነካው ቦታ ነው። የምትበረዋ ራሷ አትበላም፤ የሚበላው ከእንቁላሏ የሚወጣው ነጭ ትል ነው። ላብ ወይም ወጥ የነካው ቦታ ደግሞ ይበልጥ ይጥመዋል። ስለዚህ ቆሻሻውን ሳያስለቅቁ ማስቀመጥ ግብዣ እንደ መጥራት ነው። በየ2 ወሩ አውጥቶ ማራገፍ፣ እጥፉን በብሩሽ መጥረግ፣ ከዚያ በሌላ መስመር ማጠፍ ይበጃል። አንድ ቦታ ላይ ሁሌ የሚታጠፍ ክር ብል ባይነካውም ይበጠሳል። የጎረቤታችን ዝተት መደብ ላይ በየቀኑ ይነጠፋል፣ አንድም የብል ቀዳዳ የለውም። መሐሉ ግን በመቀመጥ ብዛት ሳስቷል፤ ለሱ መድኃኒት አላገኘሁም።

«በሙቅ ውሃና በበረኪና ይንጻ።»
ኧረ በፍጹም! ከባናው ጫፍ የተበጠሰ ክር በረኪና ውስጥ ጣል አድርጌ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሟሙቶ ጠፋ። ሙቅ ውሃና ማሸት ደግሞ ሱፍን ያኮማትረዋል። መታጠብ ካለበት በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ ሳይጨመቅ። እርጥብ ባና ከባድ ስለሆነ ገመድ ላይ ከተሰቀለ ይለጠጣል፤ ንጹሕ ነገር ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት።

«ፀሐይ ላይ ይዋል።»
ትንሽ ማናፈስ ጥሩ ነው። ብዙ ከቆየ ግን ቀለሙም ክሩም ይጎዳል።

«ፌስታል ወይም ማዳበሪያ ይበቃል።»
ለክረምት እርጥበት አይሆንም፣ ይሻግታል። በታጠበ አሮጌ አንሶላ ጠቅልሉት።

«ናፍታሌን ካለ ሐሳብ የለም።»
ይህ ነጭ የብል ማባረሪያ እንክብል የሚሠራው ሽታው በማይወጣበት ጥብቅ ዕቃ ውስጥ ብቻ ነው። ለሕፃናት መርዝ ነው፣ እኔ ቤት አላስገባውም።

«ጋቢውም ያው ነው።»
ጋቢ ጥጥ ነው፤ ብል ብዙም አይፈልገውም። የጋቢ ጠላት እርጥበትና አይጥ ነው።

«ከተጠገነ ዋጋ የለውም።»
በናይለን ክር ከተጠገነ ልክ ነው፣ ጠንካራው ክር ደካማውን ይቆርጠዋል። እማዬ ግን ከዚያው ከመንዝ በግ ፀጉር ፈትላ እየደፈነችው ነው። ጥጉ ላይ ቁራጭ አቡጀዲ ሰፍተን የአያቴን ስም ጻፍንበት። የሸማኔው ስም ቦታ ገና ባዶ ነው፤ እማዬ ታላቅ እህቷን ጠይቃ ልትነግረኝ ነው።