ከቤት ግድግዳ ሥር የሚነጠፍ መተላለፊያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ ከጦሳ ተራራ ተዳፋት በታች ቤት ያለው ሰው፣ ክረምት በገባ ቁጥር ከጓሮው የሚወርደውን ውሃ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ በግድግዳው ጥግ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ሲያስነጥፍ፣ ብዙ ጊዜ ጭቃውን ለመሸሽ ብቻ እንጂ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አስቦ አይደለም።

ከሁሉም የከፋው ስሕተት «ንጣፉ በውሃ ልክ ሲለካ ቀጥ ካለ ሥራው ጥሩ ነው» የሚለው ነው። ከግድግዳው ወደ ውጭ ሲለካ ንጣፉ በ1 ሜትር ስፋት ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት፤ ፊቱ ሻካራ የሆነ ጥርብ ድንጋይ ከሆነ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ይመረጣል። ቤቱ ተዳፋት ላይ ከሆነ ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል፤ በላይኛው በኩል ያለው ንጣፍ ከቤቱ ይልቅ ወደ ተራራው ማዘንበል አለበትና፣ በውጨኛው ጠርዙ ውሃውን ተቀብሎ ወደ ጎን የሚያወጣ ቦይ ካልተሠራለት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

«ኮብልስቶን በመገጣጠሚያው ውሃ ያሰርጋል፤ ስለዚህ ማዘንበል አያስፈልገውም» የሚሉም አሉ። የሰረገው ውሃ ግን ከሥር ጥቅጥቅ ያለ ሸክላማ አፈር ካገኘ እዚያው ተኝቶ መሠረቱን ያርሳል።

«ንጣፉን ከግድግዳው ጋር በሲሚንቶ አጥብቆ ማያያዝ ቤቱን ያጠነክራል» የሚለው አባባል ምክንያታዊ ቢመስልም፣ ቤቱ ያረፈው በመሠረቱ ላይ ሲሆን ንጣፉ የሚያርፈው ግን መሠረቱ ከተቆፈረ በኋላ ተመልሶ በተሞላ አፈር ላይ በመሆኑ፣ ሁለቱ እኩል አይሰምጡም፤ የተያያዙበት ቦታ ይሰነጠቅና ለውሃ በር ይከፍታል። በመካከላቸው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ትቶ እንደ ሲሊኮን ባለ ተለጣጭ ማሸጊያ መሙላት ይሻላል። በጭቃ ቤት ላይ ደግሞ ከግድግዳው ሥር ጠባብ የጠጠር መስመር መተው እመርጣለሁ፤ እርጥበቱ መውጫ ያገኛልና።

ንጣፉን ከቤቱ ወለል እኩል ማድረግ ለእግር ይመቻል፤ ነገር ግን የሚፈናጠር ዝናብ ልስኑን ያበላሻል፣ እርጥበትም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ንጣፉ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ስፋቱም የቆርቆሮው ጠብታ ከሚያርፍበት መስመር ያለፈ ይሁን፤ አሸንዳ የሌለው ጣሪያ የንጣፉን ጠርዝ በአንድ ክረምት ሊቦረቡረው ይችላል።

«ሲሚንቶው ከወፈረ የታችኛው አፈር ግድ የለም» የሚለው አስተሳሰብ በቦርከና ሸለቆ ሜዳማ ቦታዎች ብዙ ገንዘብ ያስጥላል። ዋልካ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይኮማተራል፤ ይህን እንቅስቃሴ ወፈር ያለ ንጣፍም አይችለውም። አፈሩን በተቻለ መጠን አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፣ እሱንም በአንድ ጊዜ ከመከመር ይልቅ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር ውሃ እያርከፈከፉ መደብደብ ያስፈልጋል።

ሲሚንቶ «በመድረቁ» አይጠነክርም፤ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር በመዋሐዱ ስለሆነ፣ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ ጆንያ ለብሶ ይቆይ። ለሥራው የምመርጠው ጊዜ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ የበልግ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ያሉትን ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉ ወራት ነው።