ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፦ ሌባና ወንበዴ የሚለያዩበት አጥር

ባደግሁበት ቢቸና አካባቢ አጥር ትልቅ ነገር አይደለም። ዙሪያውን ሰንሰል ይተከላል። ሰንሰሉ በሳሳበት በኩል የግራር እሾህ ይደፈናል። በሩ ላይ ሁለት ሦስት እንጨት ይጋደማል። አለቀ። ከብት ያግዳል፣ ጅብ ያዘገያል፣ የጎረቤትን ዓይን በመጠኑ ይመልሳል። ሰውን ግን አያቆምም። አንድ ጎረምሳ በሁለት ርግጫ ይጥለዋል።

ግን ማንም አይጥለውም። እንግዳ ሲመጣ ከውጭ ቆሞ «ቤቶች! ቤቶች!» ይላል። የቆሎ ተማሪ እንኳ ቁራሽ ሊለምን ሲመጣ፣ ከውሻ ጋር እየታገለም ቢሆን፣ «በእንተ ስለ ማርያም» የሚለው ከደጅ ሆኖ ነው። ሰንሰልና እሾህ ይህን ያህል የሚከበረው ለምንድን ነው? ተረቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።»

የላይ ትርጉሙ አያስቸግርም። አጥርን የሚያስከብረው እሾሁ ሳይሆን ከጀርባው ያለው ሰው ነው። አንድ ሰው አጥርህን ከነቀነቀ አስቀድሞ አንተን ንቆሃል። ንቀቱ ልቡ ውስጥ አድሮ ነው እጁ አጥሩ ላይ ያረፈው።

ተረቱ ብዙ ጊዜ ሙሉውን አይባልም። «ባለቤቱን ካልናቁ...» ተብሎ ይተዋል፤ ቀሪውን ሰሚው ይሞላዋል። ልጇን የጎረቤት ሰው በጥፊ የመታባት እናት ትለዋለች። የተመታው ልጁ አይደለም፣ እኔ ነኝ ማለቷ ነው። በእርሻ ወቅት ድንበሯ በአንድ ትልም የተገፋባት ባሏ የሞተባት ሴትም ትለዋለች። ለአንድ ትልም መሬት ይህን ያህል መንገብገብ ለከተማ ሰው ግር ሊለው ይችላል። እሷን ያንገበገባት ግን ትልሙ አይደለም። ባሏ ቢኖር ኖሮ ያ ሰው በሬውን ወደዚያ እንደማያዞር ታውቃለች። ስለ አገር ድንበር ሲወራም ይኸው ተረት ይጠራል።

ጎጃሜ ሆኜ ቃሉን ሳልፈታ ባልፍ ደግሞ ያሳፍረኛል። «ናቀ» በሉ። ከዚያ «ነቀነቀ» በሉ። ነ እና ቀ፣ እንደገና ነ እና ቀ። ለጆሮ ከሆነ፣ ንቀት ሲደጋገም መነቅነቅ ሆኖ ይወጣል። የሰዋስው ሊቅ «ሥራቸው ለየቅል ነው» ብሎ ሊቆጣኝ ይችላል። ይቆጣ። ይህን ተረት ያበጀው ሰው ግን ጆሮ ነበረው።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ግሡ ነው። ለምን «አይነቀንቁ» ተባለ? «አይበሱ» ማለት ይቻል ነበር። «አይዘሉ» ማለትም ይቻል ነበር። ሌባ ይበሳል፣ ይሾልካል፣ ይሰረስራል። ሲነቀንቅ አይታይም። መነቅነቅ ድምፅ አለው። ሰንሰሉ ይንኳኳል፣ እሾሁ ይንኮሻኮሻል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ባለቤቱ ይነቃል። ሌባ የሚፈልገው የመጨረሻው ነገር ደግሞ ይሄ ነው።

እንግዲህ ተረቱ ስለ ሌባ አይደለም። ሌባ ባለቤቱን አይንቅም። እንዲያውም ክፉኛ ይፈራዋል። ሌሊት የሚመጣው ስለሚፈራው ነው። ጫማውን አውልቆ በጣቱ የሚራመደውም፣ ለውሻው ቁራሽ የሚወረውረውም ለዚሁ ነው። አጥር የሚነቀንቀው ሌላ ሰው ነው። እሱ መሰማት ይፈልጋል። «አለህ? እስኪ ውጣ!» እያለ ነው። ወንበዴ ማለት ይሄ ነው።

ቋንቋችን ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ሌባ፣ ቤት ሰርሳሪ፣ ኪስ አውላቂ፤ እነዚህ ሁሉ ባለቤቱ ሳያውቅ የሚሠሩ ናቸው። ቀማኛ፣ ማጅራት መቺ፣ ወንበዴ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት፣ ወይም እንደ ማጅራት መቺው ከኋላ፣ ይገናኛሉ። ስሙ ራሱ ሰውነት ላይ ያረፈ ነው፤ የመቺው ስም የወጣው ከኪስ ሳይሆን ከማጅራት ነው። ሽፍታን እዚህ ዝርዝር ውስጥ መክተት ግን ይከብደኛል። እኛ ዘንድ «ሸፈተ» ሲባል ሁልጊዜ ስድብ አይደለም። ፍርድ ተጓድሎበት ጫካ የገባም ሸፈተ ይባላል። በጣሊያን ጊዜም ጠላት አርበኞችን ሽፍታ ይላቸው ነበር፤ የእኛው በላይ ዘለቀ ግን ለጎጃም ሰው አርበኛ ነው። ሽፍታ ጠቡ ከገዢ ጋር ነው። ቀማኛ ጠብ የለውም፤ መንገደኛ እስኪያልፍ ይጠብቃል እንጂ።

ሕጉም ዞሮ ዞሮ እዚሁ አጥር ጋ ይደርሳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ውንብድናን በአንቀጽ 670 ለየብቻ አስቀምጧቸዋል። ስርቆት የሌላውን ሰው ተንቀሳቃሽ ንብረት አላግባብ ለመበልጸግ ብሎ መውሰድ ነው። ውንብድናም መውሰድ ነው፤ ግን መሃል ላይ ሰው አለ። ለመስረቅ ብሎ ወይም እየሰረቀ ሳለ በሰው ላይ ኃይል የተጠቀመ፣ በከባድ ዛቻ ያስፈራራ፣ ወይም በሌላ መንገድ ሰውየው መከላከል እንዳይችል ያደረገ፣ ወንጀሉ ከስርቆት አልፎ ውንብድና ይሆናል። ተራ ስርቆት ቢበዛ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ውንብድና እስከ 15 ዓመት ይሄዳል። በቡድን ወይም በመሣሪያ ሲፈጸም ደግሞ አንቀጽ 671 ከባድ ውንብድና ይለዋል፤ ቅጣቱም ከዚያ ይብሳል።

ልብ በሉ፣ ስርቆትን ውንብድና የሚያደርገው የገንዘቡ ብዛት አይደለም። ሁለት መቶ ብር በጩቤ አስፈራርቶ የወሰደ ወንበዴ ነው። ሁለት መቶ ሺህ ብር ከተከፈተ መኪና ውስጥ አንስቶ የተሰወረ ሌባ ነው። ዳኛው ስለ ብሩ መጠየቁ አይቀርም። ወንጀሉን የሚሰይመው ግን በሰውየው ላይ የተደረገው ነገር ነው።

በዕለት ወሬያችን ይህን እናምታታዋለን። ቤተሰቡ ለቅሶ ሄዶ ሳለ ቆርቆሮ ቀደው ገብተው ዕቃውን ጠራርገው ሲሄዱ «ተዘረፍን» እንላለን። ንዴታችን እውነት ነው። በሕጉ ዓይን ግን ያ ስርቆት ነው፤ እንደ አፈጻጸሙ ከባድ ስርቆት ሊሆን ይችላል። እቤት ማንም አልነበረም፤ የተደበደበም የተዛተበትም የለም። ባለሥልጣን የመንግሥት ካዝና ሲያራቁትም «ዘረፈ» ይባላል። እሱም በሙስና እንጂ በውንብድና አይከሰስም። ለነገሩ ንቀት በመለኪያ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ይሄኛው ከማጅራት መቺው ሳይብስ አይቀርም፤ ግን ይሄ የእኔ አስተያየት ነው።

አስቸጋሪዎቹ መሃል ላይ ያሉት ናቸው። አንዱ ስልክህን ሞጭልፎ ሮጠ እንበል። እስካሁን ሌባ ነው ብለህ ልትከራከር ትችላለህ። ተከትለህ ደረስህበት። ዞር ብሎ ጩቤ መዘዘ። የተወሰደውን እንዳታስመልስ ኃይል መጠቀምም በዚያው አንቀጽ ውስጥ አለ። ሰውየው ሌባ ሆኖ ጀምሮ፣ ሃምሳ ሜትር ሳይሞላ ወንበዴ ሆኖ ጨረሰ።

ሌላም አለ። አውቶቡስ ላይ አጠገብህ የተቀመጠው ጨዋ ሰው ጁስ ይጋብዝሃል። ስትነቃ ቦርሳህ የለም። ዱላ የለም፣ ስድብ የለም፤ እንዲያውም ግብዣ ነው። ሆኖም አደንዝዞ መከላከል እንዳትችል አድርጎሃልና የሕጉ ቃል እዚህም ይደርሳል። ተረቱ ግን እዚህ ጋ ትንሽ ይቸገራል። ይሄ ሰው አጥሩን አልነቀነቀም። ባለቤቱን አስተኝቶ በበሩ ነው የገባው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልረሳው። ጎጃም ውስጥ የሚመሰገን ዘራፊ አለ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ በመሳሰሉት ቅኔ ቤቶች ቅኔ «ይዘረፋል»። ተማሪው ከባዶ እጁ፣ እዚያው ቆሞ፣ ሰምና ወርቁን ሲያወርደው «ዘረፈ» ይባላል፤ ያ ደግሞ ትልቅ ማዕረግ ነው። ፎካሪውም «ዘራፍ!» ብሎ ይነሣል። ደበሎ ለብሶ ከደጅ ቆሞ የሚለምነው ልጅ የሰፈሩ ጉምቱ ዘራፊ ሆኖ ሳለ፣ አጥር ግን ነክቶ አያውቅም።

አሁን ልጅ ሳለሁ ወዳየሁት ልመለስ። በአንድ ክረምት መንደራችን ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። መጀመሪያ የአንዲት እናት ሁለት በግ ሌሊት ጠፋ። ሌባው ሰንሰሉን በኋላ በር በኩል አሳስቶ ነበር የገባው። ጠዋት ሰው ተሰበሰበ፣ ዱካ ፈለገ፣ ረገመ። ከሰዓት በኋላ ግን ሳቅም ነበር። «ውሻሽ ደግሞ ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው የሚጮኸው» አሏት። እሷም ሳቀች። ተናዳ ነበር፤ ግን ሳቀች።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ጎረቤታችን ኑግ ሸጦ ከገበያ ሲመለስ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ሦስት ሰዎች አስቆሙት። በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ እኛ አያ እንለው ነበር። አንደኛው ሽመሉን ተቀበለው። ሁለተኛው «አንቱን አንነካም፤ ቁጭ ይበሉና ብሩን ያስቀምጡ» አለው። ተቀመጠ። አስቀመጠ። የበጎቹን ዋጋ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ብር ነው።

አያ መንደሩ አፋፍ ላይ ሲደርስ ጮኸ። «ያገር ያለህ! የሕግ ያለህ!» ይህን ጩኸት የሰማ ሰው ቤቱ አይቀመጥም። እራት እየበሉ የነበሩ ወንዶች ዱላ ይዘው ወጡ። በጎቹ ሲጠፉ ዱካ ብቻ የተከተለው ሰው ሁሉ ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ ወንዝ ለወንዝ አደረ። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ስለ አውጫጭኝ አወሩ፤ ሌላው አገር አፈርሳታ ስለሚለው። ድሮ ወንጀለኛው ሲሰወር ያካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ያየውን የሰማውን እስኪያወጣ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። የቀረም ይቀጣል። ሽማግሌዎቹ «ዛሬ ቢኖር ኖሮ» አሉ፤ ግን ጉዳዩ ለፖሊስ ተነገረ።

ማንም አልሳቀም። ብሩ ትንሽ መሆኑን ያነሣም አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ጠላ ቤት ውስጥ አንድ ወጣት «አንቱ እያሉ መቅማት ደግሞ ምን ዓይነት ትሕትና ነው?» ብሎ ቀለደ። ጥቂቶች ፈገግ አሉ። አያ ጠላውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ አጥሩን ሲያጥር አየሁት። አንድም ሰው ያልነካው፣ ከተቀማበት ወንዝ የአንድ ሰዓት መንገድ የሚርቅ አጥር ነው። የቆየውን እሾህ በመንሽ እየነቀለ አዲስ ይደፍናል። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ «ገና አምና አይደል እንዴ ያጠርኸው?» አለችው። ቀና ብሎም አላያትም። አንዱን የሰንሰል ግንድ በሁለት እጁ ያዘና ሥሩ እንደጠና ለማየት ነቀነቀው።